ለሽማግሌ የሚወርድ መሸፈኛ

ከነገሌ ቦረና የተነሣሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የጉዞዬ ዓላማ ለአንድ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነበር፤ ጥያቄው ግን የእኔ አልነበረም። ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት የከተማችን የመከላከል ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያላደረገ ሰው ገበያ እንዳይገባና መኪና እንዳይሳፈር የሚያዝዘው ደንብ በሽታውን ቀንሶልናልና ይቀጥል ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ሻኪሶ ማንም አያደርግም፣ የታመመም የለም፤ ድሃውን ከማንገላታት በቀር ምን አተረፍን ይላል። ክርክሩ ማለቂያ ሲያጣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ቤቴ መጣ። በወጣትነቱ ሥነ ሕይወት ያስተማርኩት ሰው ነው።

"መምህር፣ ደንቡ የሌለበትንም የጠበቀበትንም አገር አንቱ አይተው ይንገሩን። የሚሉትን እንቀበላለን" አለኝ።

ሰው ፊት ቆሜ ከተናገርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ምክንያቱን እዚህ አላነሣም። ከመናገር ማንበብን መርጬ መኖሬን ብቻ መግለጽ ይበቃኛል። እንቢታዬን በትሕትና ለመግለጽ ቃላት ስመርጥ፣ ባለቤቴ ጽጌ ከጓዳ ቀደመችኝ።

"ይሄዳል" አለች።

ጽጌ የቆየ አስም አለባት። ሐኪሟ ይህ በሽታ ከያዛት እንደማይምራት በግልጽ ነግሯታል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ከአጥሩ አልወጣችም፤ የማስኩ ደንብ ከወጣ በኋላ ነው ጠዋት ጠዋት ወተት ገበያ መሄድና ጎረቤት ማየት የጀመረችው። ደንቡ ቢነሣ ተመልሳ ትዘጋለች። ስለዚህ ዳኛ ሆኜ የተላክሁት እኔ ከፍርዱ ተጠቃሚ ነበርኩ። ይህን ለሰብሳቢው ልነግረው አሰብኩ፤ እሷ ግን እንግዳው እንደ ወጣ ነገሩን ጨረሰችው።

"ያየኸውን ተናገር። ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ፤ ሲያምርብህ አላየሁም።"

ወደ ሻኪሶ

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ጂሎ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ቀልደኛ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስኬድ የአካባቢው ተወላጅ ነው። በሕጉ መሠረት መኪናው ግማሽ ሰው ብቻ መጫን ስለነበረበት ታሪፉ በእጥፍ ጨምሯል። እጥፉን ከፈልን፤ መኪናውም ሞላ። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅርጫታቸውን ጉልበቴ ላይ አስደግፈው "መምህር፣ የከፈልንበት ባዶ ወንበር የትኛው ነው?" ሲሉ ሰዉ ሳቀ።

ከነገሌ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው መንገድ በቀይ አፈርና በግራር ይጀምራል፤ ዋደራ ሲደርስ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ዛፉም ይረዝማል። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ ነበረ። ጂሎ ፍጥነቱን ቀንሶ ከራሱ በላይ ከሰቀለው ፌስታል የማስክ እቅፍ አወጣና ወደ ኋላ አቀበለ።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አፍንጫ መሸፈኛ ሰዓት ነው! ያለው የራሱን፣ የሌለው የእኔን!"

ማስኩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ከኋላ አንዲት ወጣት ሴት "ጂሎ፣ ይሄኛው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል!" ብላ ጮኸች።

"ነጭ ሽንኩርት ለኮሮና መድኃኒት ነው እየተባለ አይደለም እንዴ? በነጻ አገኘሽ፤ ሳቢ!"

የኬላው ተቆጣጣሪ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ሁላችንንም አየ። "ጎበዞች" ብሎ ለቀቀን። መኪናው ጥቂት እንደ ተጓዘ ጂሎ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። "አምጡ፣ አምጡ! ነገም ኬላ አለ።" ማስኮቹ ተሰብስበው ወደ ፌስታሉ ተመለሱ።

እኔ የራሴን አድርጌ ስለነበር የጂሎን አልነካሁም። ነገሩ ግን ስለ ተቆጣጣሪው እንዳስብ አደረገኝ። ሰውየው አልዋሸም። የተሳፋሪውን ሁኔታ መዝግብ ቢባል "ሁሉም አድርጓል" ብሎ በእውነት ይጽፍ ነበር። ያየው እውነት ነው፤ ያየው ግን ኬላውን እንጂ መንገዱን አይደለም። እንዲያውም ደንቡ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ተሳፋሪዎች ያልታጠበ የሌላ ሰው ጨርቅ አፋቸው ላይ አያደርጉም ነበር።

ዋደራ ላይ የተሳፈረ አንድ ገበሬ ነበር። አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ አጥብቆ ሸፍኗል፤ በመኪናው ውስጥ ከእኔ ሌላ በፈቃዱ የተሸፈነ እሱ ብቻ ነበር። ሽበቴን ሲያይ ጋቢውን አወረደ፣ ጎንበስ ብሎ "አካም፣ ጃርሳ? ናጋ?" አለኝ። ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው። "ናጋ፣ ሰላም ነው" አልኩት። መልሶ ተሸፈነ። ጨዋነቱ ደስ አሰኘኝ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አላሰብኩበትም።

ሻኪሶ የወርቅ አገር ናት። ከየአገሩ የመጣ ጎልማሳ ጉድጓድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ይቆፍራል፤ ማታ ደግሞ በአንድ ክፍል ተደርድሮ ያድራል። በእርግጥም ማስክ ያደረገ ሰው አላየሁም። እኔን ያዩ ልጆች "ዶክተር መጣ" እያሉ ተከተሉኝ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ከሰሜን መጥተው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። እራት ሲያቀርቡልኝ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"እዚህ ማንም አልታመመም ይባላል። እውነት ነው?" አልኳቸው።

"እውነት ነው፣ መምህር። እዚህ ማን ይታመማል? የታመመውማ ይሄዳል!"

"ወዴት?"

"ወደ እናቱ ነዋ! ቆፋሪ ሁሉ የሰው አገር ሰው ነው። ማሳል ሲጀምር ጓደኞቹ ያዋጡለትና መኪና ያሳፍሩታል። አልጋዬ ሲለቀቅ የማውቀው በእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳነ ይሁን ሞተ፣ ማን ይጽፍልኛል?"

እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ኮሚቴያችንን ለሁለት የከፈለው ምስክር ይኸው ነበር። ሻኪሶ ጤነኛ የሆነችው ማስክ ከንቱ ስለሆነ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ በሽተኛዋን ወደ ሌላ አገር ስለምትልክ ነው። ይህ ግን ማስክ ቢያደርጉ ኖሮ ይድኑ ነበር ማለትም አይደለም። አንድ ምስክር ውድቅ ሲሆን ተቃራኒው ወገን አሸነፈ ማለት አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ልቤ ለጽጌ ሲል ሊፈርድ ሲሮጥ ያዝኩት።

በገዛ ከተማዬ እንግዳ

ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ በነገሌ በኩል ስለሆነ ተመልሼ ማለፍ ነበረብኝ። ያን ሁሉ ሰው ከጫነ መኪና ወርጄ ወደ ቤቴ መግባት ስለፈራሁ፣ በገዛ ከተማዬ አልጋ ተከራየሁ። እንግዳ ተቀባዩ "ጋሼ፣ ከወይዘሮ ጽጌ ተጣላችሁ እንዴ?" ብሎ አልጋውን በቅናሽ ሰጠኝ። ማታውኑ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጽጌ ዘንድ ደርሷል።

ጠዋት ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ማዶ ቆሜ ጠራኋት። ወጥታ ከበሩ ቆመች።

"አባረርኩህ አሉ" አለችኝ።

"እንዲያ ይባላል።"

"ታዲያ ፊትህን እንኳ ልየው እንጂ! ምን አርገህ ነው እንዲህ የምትሸፋፈን?"

እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ፤ መለስኩት። "ከማዶም ቢሆን አላወርድም" አልኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ "ሂድ እንግዲህ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ" አለች። መኪናው ጋ እስክደርስ ድረስ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አፍሬ ነበር። እስከዚያ ቀን በትዳራችን ከእሷ ፊቴን የሰወርኩበት ጊዜ አልነበረም።

ወደ ቆላው

ሁለተኛው መዳረሻዬ ከነገሌ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት፤ ሰዎቿ በደግነት ስላስተናገዱኝ ስሟን ልተወው። የሄድኩት ዱቄት በጫነ አይሱዙ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው። አገሩ ዝቅ እያለ ሲሄድ ሙቀቱ ከወለሉ ይነሣል። ከሰው የሚረዝም ቀይ ኩይሳ በየቦታው ቆሟል፤ ግመሎች መንገዱን በራሳቸው ፈቃድ ያቋርጣሉ፣ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃቸዋል። አቧራው ከማስኬ ውስጥ ገብቶ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጭ ዋለ።

ደንቡ የጠበቀባት አገር ያቺ ከተማ ናት። የገበያው አጥር አንድ በር ብቻ አለው፤ በሩ ላይ ዱላ የያዘ ሚሊሺያ ቆሞ ያልተሸፈነውን ይመልሳል። የጤና ባለሙያው ደንቡ ከወጣ ወዲህ የሚያስል በሽተኛ በግልጽ እንደ ቀነሰ ነገረኝ፤ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ደስታዬን ደብቄ ወደ ገበያው ገባሁ። ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቂት ሱቆችና አንድ የተኛ ውሻ ብቻ ነበሩ።

ገበያው ውጭ ነበር። ሰዉ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በግራሮቹ ጥላ ተበታትኖ ይሸጣል፣ ይገዛል። ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ሻሹን ሁሉ ያውለበልበዋል። ከአንድ ግራር ሥር የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አየሁ። አዴ ዳርሚ እንደሚባሉ በኋላ ነገሩኝ፤ አዴ እናት እንደ ማለት ነው። አፋቸውንና አፍንጫቸውን በሻሻቸው አጥብቀው ሸፍነዋል። ስቀርብ ሻሹን እስከ አገጫቸው አወረዱ።

"ናጋ፣ ጃርሳ! ናጋ ቡልታኒ?" አሉኝ፤ በሰላም አደራችሁ ማለት ነው።

"ናጋ። አዴ፣ ለምን አጥሩ ውስጥ አይሸጡም?"

"ማስክ ይላል ያ ሚሊሺያ። ወተት ሻጭ ቀምሳ ነው የምትሸጥ። ገዢ ሁሉ 'ቅመሺ፣ ኮምጥጦ እንደሆን ልየው' ይላል። አፌ ታስሮ በምን ልቅመስ?"

"ይኸው ግን ሻሽ ሸፍነዋል።"

"ይሄ ለአቧራ ነው። ይሄ የእኔ ነው፤ ያ የመንግሥት ነው።" ሳቁ፤ ሻሹንም መልሰው አነሡት።

አሸዋው ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። እዚህች ከተማ በሽታው ቀንሷል። ደንቡ ምክንያት ነው ለማለትም ይቻላል። ግን ማስኩ ነው የቀነሰው፣ ወይስ ማስኩን የሸሸው ሰው የወጣበት ነፋስ? ሁለቱ አብረው በአንድ ወር ስለመጡ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ሻኪሶ ማስክ ከንቱ መሆኑን እንዳላስረዳችኝ ሁሉ፣ ይህችም ጠቃሚ መሆኑን አላስረዳችኝም።

አዴ ዳርሚን ላመሰግናቸው ተነሣሁ። ወደ እኔ ዘወር ሲሉ ሻሹን እንደገና አወረዱ። ይህኔ ነው ዋደራ ላይ የተሳፈረው ገበሬ ትዝ ያለኝ።

"ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ ብቻ ነው የሚያወርዱት። ለምንድን ነው?"

"ኤሬ!" አሉ፣ ሰድቤያቸው እንደሆነ ሁሉ። "ሽማግሌ አፍ ተሸፍኖ ሰላም ይባላል? እኔ ሥርዓት ያስተማረችኝ እናት የለኝም? አፌን ሸፍኜ ብረግምህስ በምን ታውቃለህ?"

"ለልጆችስ?"

"ለልጅ ማን ያወርዳል! ልጅ ምን አባቱ!"

የቀረውን ከሰዓት ከሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰው ተመለከትኩ። እንዳሉት ነበር። ወጣት ከወጣት ጋር ተሸፍኖ ይነጋገራል። ሽበታም ሲመጣ ግን ማስኩ ይወርዳል፣ ወገብ ይጎነበሳል፣ የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ሰላም አፍ ለአፍ ተቀራርቦ ረጅም ሰዓት ይጠየቃል። ሰዉ አጥብቆ የሚሸፈነው በሽታው ከማያስፈራቸው ፊት ነው፤ የሚገልጠው ደግሞ በሽታው ከሚገድላቸው ፊት። ክፋት ቢሆን ኖሮ በቅጣት ይታረም ነበር። ይህ ግን አክብሮት ነው፤ ለአክብሮት የሚበቃ ሚሊሺያ የለም።

ከመሄዴ በፊት ወደ አዴ ዳርሚ ተመለስኩ። "ሽማግሌው ራሱ 'አታውርጂ፣ እንደ ንቀት አልቆጥረውም' ቢልሽስ?" አልኳቸው። አንቺ ማለቴን ያስተዋልኩት ካልኩ በኋላ ነው፤ እሳቸውም ከቅድሙ ጀምሮ አንተ ብለውኝ ነበርና ተካካስን።

"ካለማ እታዘዛለሁ" አሉ። "እስከ ዛሬ ግን አንድም ጃርሳ አላለኝም።"

መመለስ

ነገሌ የደረስኩት ጠዋት ነው። ቤቴ ወዳለበት መንገድ ስታጠፍ ጽጌ የወተት ዕቃዋን ይዛ ከበራችን ፊት ቆማለች። ጎረቤታችን ሻምበል ደምሴ፣ ከሠራዊቱ ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው፣ ከአጠገቧ ናቸው። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከፊቷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት "ደረትዎ እንዴት አደረልዎ፣ እመቤቴ?" ይላሉ።

"ሻምበል! አፍዎን!" ብዬ ጮኽኩ።

መንገደኛው ሁሉ ዘወር አለ። ሻምበል ቀጥ ብለው ቆሙ። "መምህር ነው የጮኸው?" አሉ። ስድቡ ሳይሆን ድምፄ ያስደነገጣቸው ይመስላል።

ጽጌ ሳቋን ዋጠች። "ስንት ዘመን ዝም ብሎ ኖሮ፣ ሲናገር ሻምበልን ሰደበልኝ" አለች።

ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ያየሁትን አስረዳሁ። ሻምበል መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ማስካቸውን አነሡ። "ይቺን ሴት እኔ ልገድላት ነበር ነው የምትለኝ?" አሉ በመጨረሻ። "አላውቅም" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

የዚያን ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ባለው ሰርቪስ ክፍል ብቻዬን ከረምኩ። ጽጌ ምግቤን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ከመስኮቱ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ለኮሚቴው የምናገረውን ነገርኳት። ደንቡ በሽታውን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም ቢሉኝ አላውቅም እንደምል፣ በእኛም ገበያ በር ላይ ቆሞ ያልተሸፈነውን የሚመልሰው ሚሊሺያ ይነሣ እንደምል፣ ይህም ማለት ነገ ወተት ገበያ ስትሄድ ያልተሸፈነ ሰው መሐል እንደምትገባ አልደበቅኋትም።

"አላውቅም ብሎ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ ስትሰጥ ኖረህ" አለች፣ "አሁን አንተ በኮሚቴ ፊት አላውቅም ልትል?"

"አዎ።"

እጇ ላይ የቀረውን የሽሮውን ክዳን አዟዟረች። "ለእኔ ፈርተህ ብትዋሽ ኖሮ" አለች፣ "ደንቡ ይጠብቀኛል ብዬ ተዝናንቼ፣ ለሻምበል ፊቴን እንደ ሰጠሁ እኖር ነበር። በል ተናገር።"

ተናገርኩ። ጨርቁ ትንፋሽን እንደሚይዝ አልተጠራጠርኩም፤ ጨርቁና ስለ ጨርቁ የወጣው ደንብ ግን ሁለት ነገር መሆናቸውን፣ እኛ የለካነው ደንቡን በተቆጣጣሪ ዓይን ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። የጂሎን ፌስታል፣ የሻኪሶን ባዶ አልጋ፣ የአሸዋውን ገበያ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ገበያችን ነፋስ ወዳለበት ሜዳ ይውጣ፤ መኪና ውስጥና ጤና ጣቢያ ግን እያንዳንዱ የራሱን ያድርግ፤ ከሁሉ በላይ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በጉባኤ ዛፍ ሥር ቆመው "ለእኛ ብላችሁ አትገለጡ" ይበሉ አልኩ።

"መምህር፣ ይኸን ሁሉ መንገድ የላክንዎ አዎ ወይም አይደለም እንዲሉን ነበር" አለ አንዱ።

"አንዱን ማለት ብችል ለእኔ ይቀለኝ ነበር" አልኩት።

ገሚሱ ቅር ብሎት፣ ገሚሱ ተከራክሮ፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ እንዲነሣ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹም በየፊናቸው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በሽታው መቀነስ አለመቀነሱን የሚጠይቁኝ አሉ። ሰው ወደ ሜዳው መውጣቱን፣ ዝናቡ መግባቱን፣ ክትባቱም መድረሱን እያሰብኩ አሁንም ያንኑ መልስ እሰጣለሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይኸን ነው፤ ሰውን ለመጠበቅ የሚወጣ ትእዛዝ ሰዉ በሚፈራው ሳይሆን በሚያከብረው በኩል ካልገባ፣ ኬላው ጋ ሞልቶ ይታይና ቤት ሲደርስ ይጎድላል።

የገበያው ጥበቃ በተነሣ ማግስት ጽጌ ማስኳን አድርጋ፣ የወተት ዕቃዋን አንሥታ ወጣች። ከመስኮቴ ሆኜ አያት ነበር። በራችን ላይ ሻምበል ደምሴ አገኟት። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ጆሮአቸው ሄደና የማስኩን ክር ያዘ።

"ይተዉት፣ ሻምበል" አለች ጽጌ። "እንዲሁም አከበሩኝ።"

እጃቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ክሩን ለቀቁትና፣ በተሸፈነ አፋቸው፣ ከወትሮው ጮክ ብለው፣ የደረቷን ጤንነት፣ የእኔን ደኅንነት፣ የዝናቡን ሁኔታ አንድ በአንድ ጠየቋት። እሷም ሁሉንም መለሰችላቸው።